ፈተና ላይ ልብ ሲመታ፦ መረጋጋትን ደረጃ በደረጃ መለማመድ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚጠብቀው ተማሪ ከሁሉም ሰው የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «ተረጋጋ»። ምክሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን እንዴት መረጋጋት እንደሚቻል አይነግረውም። ፊደል ሳያስቆጥሩ «አንብብ» እንደማለት ነው። መረጋጋት በትምህርትና በልምምድ የሚመጣ ችሎታ ስለሆነ ከመጀመሪያው እንጀምር።

በቅድሚያ የተማሪውን ጭንቀት አናቃልለው። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከቤታቸው ርቀው በዩኒቨርሲቲ ግቢ እያደሩ ተፈተኑ፤ ከመቶው ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን እየሰማ ያደገ ልጅ ቢፈራ ምንም አያስገርምም።

አንደኛ፦ ሰውነታችሁ ምን እየሠራ እንደሆነ እወቁ። የጥያቄው ወረቀት ሲታደል ልብ ድው ድው ይላል፣ እጅ ያልባል፣ አፍ ይደርቃል፣ ሆድ ይገለባበጣል። ይህን ነገር አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው ገልጾታል። አንጎል አደጋ የመጣ ሲመስለው ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን ይረጫሉ። ልብ ይፈጥናል፤ ደም ከሆድ ዕቃ ወደ ጡንቻ ያደላል። አፍ የሚደርቀውና ሆድ የሚታወከው የምግብ መፍጨት ሥራ ለጊዜው ስለሚቀዘቅዝ ነው።

እንግዲህ እነዚህ ምልክቶች «አላጠናሁም» ወይም «ልወድቅ ነው» የሚል መልእክት የላቸውም። በደንብ ያጠናውም ያላጠናውም ልቡ ይመታል። መጠነኛ መነቃቃት እንዲያውም ይጠቅማል፤ የሚጎዳው ልክ ሲያልፍ ነው። ስለዚህ ልባችሁ ሲመታ «ሰውነቴ ለሥራ እየተዘጋጀ ነው» በሉ። ይህ ራስን ማታለል አይደለም፤ በውስጣችሁ የሚካሄደው በእርግጥም እሱ ነው።

ሁለተኛ፦ ትንፋሻችሁን ተቆጣጠሩ። ልባችሁን «ቀስ በል» ብላችሁ ልታዙት አትችሉም፤ ትንፋሻችሁን ግን ትችላላችሁ። አሁኑኑ ሞክሩት። የአንድ እጃችሁን ሁለት ጣቶች በሌላው እጃችሁ አንጓ ላይ፣ ከአውራ ጣት በታች በኩል አሳርፉና የደም ሥራችሁን ምት ፈልጉ። ቀስ ብላችሁ አየር ስትስቡ ምቱ ፈጠን፣ ስታስወጡ ደግሞ ዘግየት ማለቱን ብዙዎቻችሁ ታስተውላላችሁ። አየር ስናስወጣ ከአንጎል ወደ ልብ የሚወርደው ቬገስ የሚባለው ነርቭ ልብን ይበልጥ ስለሚያረጋጋው ነው።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ቀላል ነው፤ የምታስወጡበት ጊዜ ከምትስቡበት ይርዘም። በአፍንጫችሁ እስከ 4 እየቆጠራችሁ ሳቡ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ አስወጡ። አንዱ ዙር 10 ሰኮንድ ይወስዳል፤ ስድስት ጊዜ ብትደጋግሙት አንድ ደቂቃ ነው። ከሙሉው የፈተና ሰዓት አንድ ደቂቃ ምንም አያጎድልባችሁም።

ሦስተኛ፦ ሐሳባችሁን ወረቀት ላይ አውርዱ። ብዙ ተማሪ «የማውቀው ሁሉ ጠፋብኝ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ዕውቀቱ አልጠፋም። አእምሯችን ስናስብ በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችለው ጥቂት ነገር ብቻ ነው። «ብወድቅስ? ቤተሰቦቼ ምን ይላሉ?» የሚለው ሐሳብ ያንን ጠባብ ቦታ ሲይዝ ለሒሳቡ የሚተርፈው ያንሳል።

በምሳሌ እንየው። የአንድ አርቲሜቲክ ድርድር የመጀመሪያ ቁጥር 5፣ የጋራ ልዩነቱ 3 ቢሆን 20ኛው ቁጥር ስንት ነው? የተጣደፈ ተማሪ 20ን በ3 ያባዛና 5 ይጨምራል፤ 65 ያገኛል። ከምርጫዎቹ መካከል 65 ካለ ደስ ብሎት ያጠቁራል፤ ተሳስቷል። የረጋው ግን የተሰጠውን ይጽፋል፦ የመጀመሪያው 5፣ ልዩነቱ 3። የተጠየቀውን ይጽፋል፦ 20ኛው። ከመጀመሪያው ተነስቶ 20ኛው ላይ ለመድረስ 19 እርምጃ ብቻ እንደሚበቃ ያኔ ይታየዋል። 19 ሲባዛ በ3፣ 57፤ 5 ሲደመር 62። በሁለቱ ተማሪዎች መካከል ያለው ልዩነት የዕውቀት አይደለም፤ አንዱ ሁሉንም በጭንቅላቱ ተሸክሞ ሮጠ፣ ሌላው ወረቀት ላይ አሳረፈው።

አራተኛ፦ በምትችሉት ጀምሩ። አንድ ጥያቄ ከያዛችሁ ምልክት አድርጉበትና እለፉት። ሁለት ሦስት ጥያቄ በትክክል ከሠራችሁ በኋላ ስትመለሱበት በሌላ ዓይን ታዩታላችሁ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ በወረቀት የምትፈተኑ ከሆነ ስትዘሉ በመልስ ወረቀቱም ላይ የዚያን ጥያቄ ተራ ቁጥር ዝለሉ።

አምስተኛ፦ ከፈተናው በፊት ግፊቱን ተለማመዱት። ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት አንድ ጠቃሚ ነገር አሳይቷል። ቃላትን ደጋግመው በማየት ያጠኑ ተማሪዎች ጭንቀት ሲገጥማቸው ከሚያስታውሱት ቀነሰባቸው፤ ሳያዩ ለማስታወስ እየሞከሩ ያጠኑት ግን ጭንቀቱ የሚያስታውሱትን አልቀነሰባቸውም።

ስለዚህ ደብተራችሁን ደጋግማችሁ ከማንበብ ይልቅ ዝጉትና ያነበባችሁትን በባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ከዚያ ገልጣችሁ አርሙ። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ሰዓት ይዛችሁ፣ ስልክ አጥፍታችሁ፣ ከወንበር ሳትነሱ ሥሩ። እንቅልፍንም አትቁረጡ፤ ቀን የተጠና ነገር አእምሮ ውስጥ የሚደላደለው ሌሊት ተኝተን ነው።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። «ተስፋችን አንተ ነህ» የሚለው አባባል ከፍቅር ቢመጣም፣ በፈተና ዋዜማ ለልጁ ተጨማሪ ሸክም ነው። «ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ልጃችን ነህ» በሉት። ልጃችሁ ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከዘጋው፣ ወይም «መኖር አልፈልግም» የሚል ቃል ካወጣ ግን ጉዳዩ ከፈተና በላይ ነውና ፈተናው እስኪያልፍ ሳትጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

አሁን የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ዛሬ ማታ ከሚከብዳችሁ ትምህርት 10 ጥያቄ ምረጡ። ለ20 ደቂቃ ሰዓት ሙሉ። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ተንፍሱ፣ ከዚያ የተሰጠውንና የተጠየቀውን እየጻፋችሁ ሥሩ፣ የያዛችሁን ዝለሉ። ስትጨርሱ አርሙና ለእያንዳንዱ ስህተት «አላውቀውም ነበር» ወይም «ቸኩዬ ነው» ብላችሁ ጻፉበት። የመጀመሪያው ዓይነት ስህተት ምን ማጥናት እንዳለባችሁ ይነግራችኋል፤ ሁለተኛው ደግሞ የትኛውን ደረጃ እንደገና መለማመድ እንዳለባችሁ። ነገ ማታ በሌላ 10 ጥያቄ ድገሙት።