ገመድ አልባ ካሜራ ለጭሮ ግቢ፦ ከመግዛትዎ በፊት

በጭሮ፣ በሂርና፣ በበዴሳና በገለምሶ የቤቱን ደጅ በስልኩ ማየት የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። ነጋዴው ሌሊቱን ጫት ሲያስጭን ቤቱ ባዶ ያድራል። ልጆቻቸው አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር የሆኑ ወላጆች ሰፊ ግቢ ብቻቸውን ይጠብቃሉ። ገዢው ሱቅ ሲገባ የሚጠይቀው ግን ስለ ካሜራው ብቻ ነው፦ ስንት ሜጋፒክሰል ነው፣ ይዞራል ወይ፣ ዋጋው ስንት ነው። እኔ የምመክረው ካሜራው መጨረሻ ላይ እንዲገዛ ነው። መብራት ጠፍቶ ኔትወርክም ሲቋረጥ ምስሉ የት እንደሚቀር ሳያስቡ የገዙት ካሜራ፣ ሌባው በመጣበት ሌሊት የሚያሳይዎ ነገር አይኖረውም።

ደረጃ 1፦ የሚታየውን ቦታ ይወስኑ

«ግቢው በሙሉ ይታይልኝ» ማለት አያዋጣም። ሰው የግድ የሚያልፍበትን አንድ ቦታ ይምረጡ፤ ብዙ ጊዜ የግቢው በር ነው። ካሜራው ከመሬት 2.5 ሜትር ገደማ ይሰቀላል። ከዚያ በጣም ከፍ ካለ የሚያሳየው ኮፍያና ሻሽ ነው፣ ዝቅ ካለ ደግሞ እጅ ይደርስበታል።

ሌንሱ በሚሊሜትር ይለካል። 2.8 የሚለው ሰፊ ቦታ ይሸፍናል፣ ነገር ግን 10 ሜትር ርቆ የቆመን ሰው ፊት አይለይም፤ ለዚህ ከ3 እስከ 4 ሜትር መቅረብ ያስፈልጋል። በሩ ከቤቱ ራቅ ካለ 4 ወይም 6 ሚሊሜትር ይሻላል።

ደረጃ 2፦ ዋይፋዩ እዚያ መድረሱን ይፈትሹ

ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ስልክዎ ብቻ ነው። የስልኩን ዳታ ያጥፉና ዋይፋዩን ብቻ ይተዉ። ካሜራው ሊሰቀል በታሰበበት ቦታ ቆመው፣ የቤቱን በርና መስኮት ዘግተው፣ ለአንድ ዘመድ በቪዲዮ ይደውሉ። ምስሉ ከተቆራረጠ ካሜራውም እዚያ ይቆራረጣል። የእኛ ቤቶች ጠላት ቆርቆሮ ነው፤ የቆርቆሮ ግድግዳ፣ የብረት በርና የላሜራ መስኮት ሲግናሉን ይመልሱታል። የጭቃና የብሎኬት ግድግዳ ይሻላል፣ ያም ቢሆን ያደክመዋል።

አብዛኞቹ ካሜራዎች የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው። ይህ ከ5 ጊጋኸርዝ ይልቅ ግድግዳ የማለፍ አቅም ስላለው ለእኛ ጥሩ ነው። ራውተርዎ ሁለቱንም የሚሰጥ ከሆነ ግን ካሜራውን ሲያገናኙ ስልክዎን 2.4 ላይ ያድርጉት።

ቤትዎ መደበኛ ኢንተርኔት ከሌለው ሲም የሚቀበል ካሜራ አለ። ውጭ ያለ ዘመድ ከአሜሪካ ልላክላችሁ ካለ ቆም ይበሉ፦ ለአሜሪካ የተሠራው የሲም ካሜራ የእኛን ኔትወርክ ሞገድ ላይቀበል ይችላል። ከድሬዳዋም ሆነ ከአዲስ አበባ ሲገዙ የራስዎን ሲም እዚያው አስገብተው ምስሉ ስልክዎ ላይ ሲመጣ ካላዩ አይክፈሉ።

ደረጃ 3፦ ለመብራት መጥፋት ይዘጋጁ

ዋይፋይ ካሜራ ምስሉን ያለ ገመድ ይላክ እንጂ ኤሌክትሪክ በገመድ ይፈልጋል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ካሜራውም ራውተሩም ይሞታሉ። መፍትሔው ለሁለቱም የሚሆን ሚኒ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ የሚተካ ትንሽ ባትሪ ነው። ጀርባው ላይ 10,400 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚል ከሆነ በ3.7 ቮልት ሲባዛ 38 ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ራውተሩና አንድ ካሜራ አንድ ላይ 12 ዋት ቢወስዱ ቢበዛ 3 ሰዓት ይቆያል፤ ሌሊቱን ሙሉ አያደርስም። መብራት ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ብሎ ሊመጣ ስለሚችል ስታቢላይዘር ይጨምሩበት።

በሶላር የሚሠራው ካሜራ ለሚኤሶና ለአሰቦት ቆላ ፀሐይ የተመቸ ይመስላል። ነገር ግን ሙቀት ባትሪ ይገድላል። ካሜራውን ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ጥላ ውስጥ አድርገው ፓነሉን ብቻ ፀሐይ ላይ ይዘርጉት። በጭሮና በሂርና ደግሞ በክረምት ጉም ለቀናት ስለሚቆይ ትልቅ ፓነል ያስፈልጋል።

ደረጃ 4፦ ምስሉ ቤት ውስጥ ይቅር

እኔ ከሁሉም በላይ የምጨነቅበት ይህ ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሳምንታት ቆይቷል። ምስሉን ክላውድ (በኢንተርኔት ያለ ማከማቻ) ላይ ብቻ የሚያስቀምጥ ካሜራ በእንዲህ ያለ ጊዜ ምንም አይቀርጽም፤ ሰው ቤቱን መጠበቅ የሚፈልገው ደግሞ ይበልጡን ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ሚሞሪ ካርድ የማይቀበል ካሜራ፣ ወይም በየወሩ ካልተከፈለበት የማይቀርጽ፣ ቢረክስም አይግዙ።

የካርዱን መጠን ራስዎ ማስላት ይችላሉ። ካሜራው በሴኮንድ 1 ሜጋቢት ከላከ በቀን 10.8 ጊጋባይት ይሞላል፤ 128 ጊጋባይት ካርድ 11 ቀን ገደማ ይይዛል ማለት ነው፣ ከዚያ የድሮውን እየደመሰሰ ይቀጥላል። ኤች 265 የሚባለው ምስል የማመቅ አሠራር ያለው ካሜራ በዚያው ቦታ የበለጠ ቀን ይይዛል። በዚሁ ስሌት ምስሉን ከሩቅ ለአንድ ሰዓት ቢመለከቱ 450 ሜጋባይት ይበላል፤ በሞባይል ጥቅል ለሚጠቀም ቤተሰብ ቀላል አይደለም። በቀጥታ ለረጅም ሰዓት ከማየት ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ብቻ መክፈት ይሻላል።

የውሸት ካርድ ገበያው ውስጥ አለ፤ ላዩ 128 ይላል፣ ውስጡ 8 ነው። ኮምፒውተር ላይ እስኪሞላ ድረስ ፋይል ገልብጠው መልሰው ይክፈቱት። ካሜራው ከተሰረቀ ካርዱም አብሮ ስለሚሄድ፣ ሁለት ካሜራ ካለዎት አንዱ ሌላውን እንዲያይ አድርገው ይስቀሏቸው።

ደረጃ 5፦ አሁን ካሜራውን ይምረጡ

እስካሁን ያለው ካለቀ ምርጫው አጭር ነው። 1080 ፒ ጥራት ለአንድ በር ይበቃል። ውጭ ለሚሰቀል አይፒ 66 ወይም 67 የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ፤ አቧራና ዝናብ መቋቋሙን ያመለክታል። ሰውን ከእንስሳ የሚለይ ቢሆን ይመረጣል፤ አለበለዚያ ፍየልና ድመት ባለፉ ቁጥር ስልክዎ ይጮኻል።

ቤትዎ ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው አስፋልት ዳር ከሆነ ሌላ ችግር አለ። ሌሊት የሚከንፉት የጫት አይሱዙዎች መብራት ምስሉን ነጭ ያደርገዋል፣ እያንዳንዱ መኪናም ማስጠንቀቂያ ይልካል። ካሜራውን ከመንገዱ አዙረው በአጥሩ በኩል ወደ በሩ እንዲያይ ያድርጉት። በመተግበሪያው ውስጥ ደግሞ እንቅስቃሴ የሚታይበትን ክልል በሩ ላይ ብቻ ያስምሩ። እዚያው «50 ኸርዝ» የሚለውን ይምረጡ፣ የአምፖል ብርሃን ምስሉን እንዳያርገበግበው። በሌሊት ማያ መብራቱ ዙሪያ ሸረሪት ድሯን ታደራለች፤ መብራቱ ሲበራ ድሩ ምስሉን በሙሉ ስለሚሸፍን በየጊዜው በጨርቅ ይጥረጉት።

ደረጃ 6፦ የይለፍ ቃልና ጎረቤት

ጥቅምት 2009 ዓ.ም. ሚራይ የተባለ ቫይረስ ከፋብሪካ የመጣ የይለፍ ቃላቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችንና ራውተሮችን በብዛት ሰብስቦ ዳይን የተባለውን የአሜሪካ የኢንተርኔት ኩባንያ አጥቅቷል፤ ትዊተርና ኔትፍሊክስ ለሰዓታት ተቋርጠዋል። ባለቤቶቹ ካሜራቸው ለጥቃት እንደዋለ እንኳ አያውቁም ነበር። የገጠመልዎ ባለሙያ ሳይሄድ የይለፍ ቃሉን ራስዎ ይቀይሩ፤ የካሜራውንም የዋይፋዩንም።

ካሜራው የጎረቤትን ጓሮ ማየት የለበትም። ሴቶች ሂጃባቸውን አውልቀው የሚሠሩበት ግቢ በሌላ ሰው ስልክ ላይ መታየቱ ትልቅ በደል ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 ግላዊነትን ያስከብራል፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ግን ሕጉ ከመነሳቱ በፊት ስልኩን ይዘው ጎረቤት ይሂዱና «እትዬ፣ ይኸው ይመልከቱት፣ የሚያየው የእኛን በር ብቻ ነው» ብለው ያሳዩ።

ደረጃ 7፦ በጨለማ ይሞክሩት

ከተሰቀለ በኋላ አንድ ምሽት ቆጣሪውን ያጥፉ። ዩፒኤሱ መነሳቱን ካረጋገጡ በኋላ ራውተሩንም ይንቀሉ፣ ኔትወርክ እንደተቋረጠ ይቁጠሩት። ኮፍያ አድርገው በግቢው በር ይግቡ፣ እስከ ቤቱ ደጅ ይራመዱ። ከዚያ ሁሉንም አብርተው ካርዱ ላይ የተቀረጸውን ይክፈቱ። ፊትዎ ካልተለየ ካሜራውን ትንሽ ዝቅ ያድርጉት ወይም ወደ በሩ ያስጠጉትና እንደገና ይሞክሩ።