መምህር የተማሪውን መክሊት ለይቶ ስለ ማወቁ

እግዚአብሔር ስጦታውን ሲያድል ለሁሉ በአንድ መስፈሪያ አይሰፍርም። በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ ለአንዱ አምስት፥ ለአንዱ ሁለት፥ ለአንዱም አንድ መክሊት እንደ ተሰጠ እናነባለን። መክሊቱን የተቀበለው ሰው እንዲጠየቅበት ሁላችን እናስተምራለን። ዛሬ ግን ስለ ሌላው ተጠያቂ፥ ይኸውም መክሊቱ በልጅ ላይ እንዳለ እያየ ዝም ስለሚል መምህርና ምእመን ጥቂት ቃል ለመናገር እንወዳለን።

ብላቴናው ሳሙኤል የጠራው እግዚአብሔር እንደ ሆነ አላወቀም ነበር፤ ያወቀለት ዓይኑ የፈዘዘው ካህን ዔሊ ነው። ሳውልንም ደቀ መዛሙርት በፈሩት ጊዜ ከሐዋርያት ያገናኘው፥ በኋላም እስከ ጠርሴስ ሄዶ ፈልጎ ወደ አንጾኪያ ያመጣው በርናባስ ነው። እንግዲህ ጸጋው የእግዚአብሔር ሲሆን መለየቱ ለሰው የተሰጠ አደራ ነው።

ይህም ጸጋ ሁልጊዜ በፍጥነት አይታወቅም። ቅዱስ ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት ከብዶት ከመምህሩ ከአባ ጌዴዎን እንደ ሸሸ፥ ትልም ደጋግማ እየወደቀች ዛፍ ስትወጣ አይቶ እንደ ተመለሰ ይተረካል። አባ ጌዴዎን በተመለሰ ጊዜ ተቀበለው። ደጁን ዘግቶበት ቢሆን ኖሮ የዜማችን አባት ወዴት ይገኝ ነበር? ስለዚህ አንድ ጊዜ ሰምቶ የሚይዝ ልጅ እንዳለ ሁሉ፥ ቀለም ቶሎ የማይገባው ሆኖ ምሥጢር ላይ ሲደርስ የሚበረታ እንዳለ መምህር ሊያስተውል ይገባዋል።

አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. የቈረቈሯት ጎንደር የዚህ ነገር ምስክር ናት። መምህር ኤስድሮስ ከመምህራኑ የተቀበለውን ትርጓሜ እንዲሁ በመድገም አልተወሰነም፤ መጻሕፍትን መርምሮ ታች ቤት የሚባለውን የትርጓሜ ስልት እንዳቀና ይነገራል። ላይ ቤትም አልጠፋም፤ ሁለቱም ለቤተ ክርስቲያን ሀብት ሆኑ። አለቃ ገብረ ሐናም ያወጡትን አዲስ የአቋቋም ስልት የጎንደር ሊቃውንት አንቀበልም ቢሉ፥ ለልጃቸው ለተክሌ አስተምረውት በደብረ ታቦር እንደ ጸና፥ ስሙም ተክሌ እንደ ተባለ ይተረካል። እንዲሁም በጎጃም ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ከአባታቸው ቅኔ ተምረው የአባታቸውን ወንበር ወርሰዋል። አባት ሴት ናት፥ ዓይነ ስውር ናት ብሎ ቢተዋት ኖሮ መክሊቷ ተቀብሮ በቀረ ነበር።

የቅኔ ቤታችን ሥርዓት ለዚህ የተመቸ ነው። ተማሪው ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤት መወድስ የሚደርሰው በዕድሜው ሳይሆን በችሎታው ነው። ቆጥሮ ያመጣውን ቅኔ ሲነግር ሰሙና ወርቁ፥ አገባቡም ይመረመራል፤ በዚህም ልቡ ይገለጣል። መምህሩ የበረታውን አስነጋሪ ባደረገው ጊዜ ሁለት ነገር ይፈጸማል፤ ፈጣኑ ሥራ ፈትቶ አይሰለችም፥ ደካማውም የሚረዳው ባልንጀራ ያገኛል። ልጆች በዕድሜ ተሰልፈው የሚማሩበት ዘመናዊ ትምህርት ቤትም ከዚህ ሊማር ይችላል።

አንዳንዶች «አንዱን ለይቶ መርዳት በሌላው ላይ አድልዎ አይሆንምን?» ይላሉ። አይሆንም። የምሳሌው ጌታ ለእያንዳንዱ እንደ ዓቅሙ ሰጠ እንጂ አንድ መክሊት የተቀበለውን አልናቀውም፤ እርሱንም ጠይቆታል። አድልዎ የሚሆነው በዘመድና በሀብት ሲለዩ ነው።

አሁን ወደ ችግሩ እንምጣ። በጃናሞራና በበየዳ፥ በደባርቅና በዳባት ደጋ ብርዱ ጽኑ ነው። ለምድ ለብሶ፥ አኮፋዳ አንግቶ በየደጁ የሚለምነው ተማሪ ቀኑን ለእንጀራ ካዋለ ለቅኔው ምን ጊዜ ይተርፈዋል? ሌላውን ደግሞ አባቱ ከብት ጠባቂ እንዳያጣ ከትምህርት ያስቀረዋል። ብሩህ ልጅን ረኃብ ከጉባኤው ሲያስነሣው የሚጎድለው አንድ ተማሪ ብቻ አይደለም፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ወንበር የሚዘረጋው መምህር ነው። የቃል ትምህርት ከአፍ ወደ ጆሮ የሚተላለፍ ነውና አንድ ጊዜ ከተቋረጠ መጽሐፍ ብቻውን አይቀጥለውም።

ስለዚህ ካህናት ሆይ፥ በየአጥቢያችሁ የበረታውን ልጅ ለዩ፤ አባቱን ምከሩ፤ የያዛችሁትን ሁሉ ከጨረሰም ሳትቀኑ ወደሚበልጣችሁ መምህር ላኩት። ምእመናንም በሰንበቴና በማኅበር ተስማምታችሁ የአንድ ተማሪ የዓመት ቀለብና ልብስ ቻሉ። ልጁንም በፊቱ አብዝታችሁ አታወድሱት፤ ያለ ትሕትና ያደገ ዕውቀት ባለቤቱን ይጥላልና። ውኃ ሲቀዳ፥ እንጨት ሲለቅም ከባልንጀሮቹ አይለይ።

መክሊትን የሚሰጥ አምላክ፥ የተሰጠውን የምናይበት ዓይነ ልቡና ያድለን። አሜን።