አለባበስና መቼት የማዕረግ ምስክር፦ የውጫሌ ውል ትዕይንት በቴሌቪዥን ድራማ

በታሪካዊ የቴሌቪዥን ድራማ ተመልካች ጌታውን ከሎሌው የሚለየው ተዋናዩ አፉን ከመክፈቱ አስቀድሞ፣ በለበሰው ልብስና በቆመበት ቦታ ነው። ይህ ጽሑፍ አልባሳትና መቼት የመደብን ልዩነት እንዴት እንደሚገልጡ በአንድ ትዕይንት ላይ ይመረምራል። ትዕይንቱ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአምባሰል፣ በውጫሌ አቅራቢያ በምትገኘው ይስማ ንጉሥ፣ ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ ኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ የውጫሌን ውል የተፈራረሙበት ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ የዘውድ ጥያቄ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ የወደቁት በዚያው ዓመት በመጋቢት ሲሆን፣ የምኒልክ የንጉሠ ነገሥትነት ሥርዓተ ንግሥ በእንጦጦ ማርያም የተፈጸመው ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከስድስት ወር በኋላ የሚደፋውን ዘውድ ይስማ ንጉሥ ላይ የሚያሳይ አዘጋጅ ትዕይንቱን ያስዋበ ቢመስለውም ዋናውን ውጥረት ያጠፋዋል። የሚዋዋሉት ሥልጣናቸውን ገና በማደላደል ላይ ያሉ ንጉሥ ናቸውና፣ ልብሳቸውም ይህንኑ ሊናገር ይገባል።

ነጭ የጥጥ ሸማ ከመኳንንት እስከ ገበሬ የብዙዎች ልብስ ነበር። ልዩነቱ በፈትሉ ቅጥነትና በጥለቱ ነው፤ ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ጃኖ የባለማዕረግ ምልክት ነበር። ካባና ለምድ ደግሞ በሹመትና በሽልማት የሚገኙ እንጂ ገንዘብ ያለው ሁሉ ከገበያ ገዝቶ የሚደርባቸው አልነበሩም። ይሁንና ከጨርቁ ይልቅ አለባበሱ የበለጠ ይናገራል። ከበላዩ ፊት የሚቆም ሰው ሸማውን ከትከሻው አውርዶ በወገቡ ያደገድጋል፤ የበላዩ ግን እንደ ተጎናጸፈ፣ አንዳንዴም እስከ አፉ ተሸፋፍኖ ይቀመጣል። አንድ ሰው በአንድ ቀን ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፤ ደጃዝማቹ በገዛ ድንኳኑ ተጎናጽፎ ይውልና ወደ ንጉሡ ሲገባ ያደገድጋል። በወርቅ ጥልፍ ላይ ብዙ ገንዘብ አፍስሶ ተዋናዮቹን ሁሉ በአንድ ዓይነት ሸማ አጣፍቶ የሚያቆም ድራማ፣ ያለ ወጪ የሚገኘውን ቋንቋ ጥሎታል። ጫማም እንዲሁ ያሳስታል፤ በዚያ ዘመን ብዙ መኳንንት በባዶ እግራቸው ይሄዱ ስለነበር፣ ባዶ እግርን የድህነት ምልክት ማድረግ የኋለኛውን ከተሜ ዓይን ወደ ኋላ መውሰድ ነው።

መቼቱን በተመለከተ የእንግሊዙ ድራማ «ዳውንተን አቢ» ለንጽጽር ይጠቅማል። በዚያ ድራማ መደብ የሚነበበው ከላይ ወደ ታች ነው፤ ጌቶች በላይኛው ፎቅ፣ አሽከሮች በምድር ቤቱ ወጥ ቤት ይውላሉ። በሰፈር በሚኖር የኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ግን ፎቅ የለም፤ መደብ የሚለካው ከንጉሡ ድንኳን ባለው ርቀትና አቅጣጫ ነው። የማዕረግ ስሞቹ ራሳቸው የሰፈሩ ካርታ ናቸው፦ ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ፣ ደጃዝማች ከደጅ። ካሜራው ከሰፈሩ ዳር ተነሥቶ ወደ መካከል ቢጓዝ፣ ከፈረስ ጠባቂው አንሥቶ እስከ አልጋው ድረስ ያለውን መሰላል አንድም ቃል ሳይነገር ያሳያል። ጌታ በበቅሎ ተቀምጦ ጋሻውን ጋሻ ጃግሬው ተሸክሞ ሲከተለው ማሳየትም የዚሁ ንባብ አካል ነው፤ ጋሻውን ራሱ የተሸከመ መኰንን በጦር ሜዳ ካልሆነ በቀር ለሚያውቅ ተመልካች እንግዳ ነው።

አስቸጋሪው የባዕዱ መልእክተኛ አቀማመጥ ነው። ሸማም ጥለትም የሌለው ሰው በዚህ የማዕረግ ሰንጠረዥ ውስጥ የት ይገባል? ከንጉሡ ጋር እኩል ወንበር ቢሰጠው የመንግሥታትን እኩልነት፣ ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ እንግድነቱን ያሳያል። በአንቀጽ 17 የአማርኛው ቅጂ ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ግንኙነት ቢፈልጉ በኢጣሊያ በኩል መላላክ እንደሚችሉ ሲል፣ የኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አድርጎታል፤ ስለዚህ የወንበሮቹ ከፍታ ጠቡን አስቀድሞ የሚጠቁም ምርጫ ይሆናል።

በዚህ ሁሉ መካከል የሚረሳው አስተርጓሚው ነው። ሸማውን አደግድጎ ይቆማል፤ ልብሱና አኳኋኑ የአገልጋይ ናቸው። ሥራው ግን ከብዙ ባለካባ መኳንንት ይልቅ ወደ ንጉሡ ጆሮ ያቀርበዋል። ልብሱ ዝቅ ሲያደርገው ቦታው ከፍ የሚያደርገው ሰው ነውና፣ ጠቡ ሁሉ በሁለት ቋንቋዎች መካከል በተነሣበት በዚህ ትዕይንት ካሜራው በእርሱ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ሊያርፍ ይገባል።