ከደጋ የመጡ ወላጆችን አሽዶድ ባሕር ለመውሰድ

ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ እናትና አባት ኢየሩሳሌምን ከተሳለሙ በኋላ የሚቀራቸው ባሕር ማየት ነው። ለዚህ አሽዶድ ትመቻለች። የኢትዮጵያ ተወላጆች በብዛት ይኖሩባታል፣ አሸዋዋ ሰፊ ነው፣ የይሁዳ ተራሮችም ሩቅ አይደሉም። የዛሬዋ ከተማ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው፤ ወላጆችዎ ግን በመጽሐፍ ቅዱስ ያውቋታል። ታቦቱ ተማርኮ የገባባት፣ ዳጎን በግንባሩ የተደፋባት አዛጦን እሷው ናት።

መጀመሪያ ቀኑን ይምረጡ። ከዓርብ ከሰዓት በኋላ እስከ ቅዳሜ ማታ ባቡር ስለሌለ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ያለው ይሻላል። ከቴል አቪቭ የሚመጣ ሰው «አሽዶድ አድ ሃሎም» ይወርዳል። ጣቢያው በከተማዋ ምሥራቅ በኩል ነው፤ ባሕሩ ደግሞ በምዕራብ። አዛውንት ይዞ በእግር አይሞከርም፤ አውቶቡስ ወይም ታክሲ ይያዙ።

ማለዳ ይድረሱ። በሐምሌና በነሐሴ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሳል፣ ማዕበሉም ይበረታል። እንደ ሊዶ ያለ የዋና ጠባቂ ማማ ያለበት ዳርቻ ይምረጡና ከሁሉ አስቀድመው ባንዲራውን ይዩ። ነጭ ከሆነ መግባት ይቻላል፣ ቀይ አደገኛ ነው፣ ጥቁር ክልክል ነው። ዋና ለማይችል ሰው ቀዩም እንደ ጥቁር ይቆጠር ባይ ነኝ። ጋዛ ቅርብ ናትና ሳይረን ቢጮህ የሚጠለሉበትን ቦታም ሳይቀመጡ ይጠይቁ።

ጣና ዳር ያደጉ አባት ውኃ አውቃለሁ ሊሉ ይችላሉ። ይኼኛው ግን ሲመለስ ይስባል። ማዕበሉ ሲያፈገፍግ ከተረከዝ ሥር ያለውን አሸዋ ይዞት ይሄዳል፤ ቁልቁል የሚመለከት ሰው ራሱ ይዞርበትና ይወድቃል። ስለዚህ ክንዳቸውን ይያዙ፣ ዓይናቸውን ወደ ሩቁ እንዲያደርጉ ይንገሯቸው፣ ከጉልበት በላይ አያስገቧቸው። የእናት ረጅም ቀሚስ አንዴ ከራሰ ከብዶ ይጎትታል፤ ሳይገቡ ሰብሰብ አድርገው ይቋጥሩት። ጫማም እስከ ውኃው ጠርዝ ድረስ አይውለቅ፣ የቀትር አሸዋ ያቃጥላል። በበጋ መግቢያ ሜዱዛ የሚሉት ልፋጭ መሳይ የባሕር እንስሳ ይመጣል። ከነደፈ ቦታውን ሳያሹ በራሱ በባሕሩ ውኃ ያጥቡት እንጂ በቧንቧ ውኃ አይሁን።

ፀሐዩ ሲከር ከከተማዋ በስተ ደቡብ ወዳለው የአሽዶድ ያም ምሽግ ይሂዱ። በእስልምና ዘመን መጀመሪያ የተሠራ የባሕር በር ጠባቂ ነው። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የጂኦግራፊ ጸሐፊ አል ሙቀደሲ እንደጻፈው የሮም (የቢዛንታይን) መርከቦች በቤዛ የሚለቀቁ ምርኮኞች ይዘው ሲመጡ በጭስና በእሳት ምልክት ይሰጥ ነበር፤ ቤዛውም ለሦስት ሰው መቶ ዲናር ነበር። ይህን ታሪክ ግድግዳውን ዳስሰው ሲሰሙት ይጥማል።

ከዚያ ተራራው። ጃንደረባውን ያጠመቀው ፊልጶስ ከደጋው መንገድ በኋላ የተገኘው አዛጦን ነበር፤ እርስዎ ግን ተገላቢጦሹን ይሂዱ፣ ባሕሩ የሚመቸው በጠዋት ነውና። በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከኢየሩሳሌም በስተ ደቡብ ምዕራብ ያለውን የዓይን ሐንያን ምንጭ አንዳንድ ክርስቲያኖች ጥምቀቱ የተፈጸመበት ነው ይሉታል፤ የመግቢያ ሰዓቱን አስቀድመው ይጠይቁ። ለቤተ እስራኤል ወላጆች ደግሞ የስግድ ጸሎት የሚደረስበት የአርሞን ሐናጺቭ ኮረብታ ይበልጣል።

ኢየሩሳሌም ከፍታዋ 800 ሜትር ያህል ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ የኖረ የጎንደር ሰው ይህን ተራራ ሲሉት ቢስቅ አይፍረዱበት። ቢሆንም ማታ ይነፍሳል፤ ጨው የነካው ልብስ ደግሞ ቶሎ አይደርቅም። ቅያሪ ቀሚስና አንድ ጋቢ ከጠዋት ጀምሮ ይያዙ።