የካልሲዩም ዱቄት ለሰው አካል ስለሚውልበት መንገድ

ሹማምንትና የአገር ሽማግሌዎች በገበያና በሸንጎ ለሕዝብ ምክር ስትሰጡ ለይታችሁ ልታውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ዐጥንት የሚጸናበት ካልሲዩም የተባለው ማዕድን ከዕንቍላል ቅርፊት፣ ከዐጥንትና ከኖራ ድንጋይ በዱቄት መልክ ይገኛል፤ ነገር ግን በአፍ መግባቱና ለአካል መዋሉ አንድ አይደለም።

የአንድ ዕንቍላል ቅርፊት 2 ግራም ያህል ካልሲዩም ይይዛል። ለአዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 1 ግራም ያህል ስለሆነ፣ በቍጥር ሲታይ የግማሽ ቅርፊት ዱቄት የበቃ ይመስላል። ሆኖም ዱቄቱ በጨጓራ ኮምጣጣ ውሃ ካልሟሟ ወደ ደም አይገባም፤ ቢሟሟም አካል የሚቀበለው ከሦስት እጅ አንዱን ወይም ከዚያ ያነሰውን ነው። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ከምግብ ጋር መውሰድ፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ከመዋጥ ይሻላል።

ወተትም ቢሆን ካልሲዩሙ ለአካል የሚውለው ከመቶ 30 ያህል ነው። ጎመን ከቆስጣ ይበልጣል፤ በቆስጣ ያለውን ካልሲዩም ኦክሳሌት የተባለ ነገር አስሮ ይይዘዋልና። በ100 ግራም ጤፍ ውስጥ 180 ሚሊግራም ያህል ይገኛል፤ እርሱንም ፊታት የተባለው ያስረዋል። ሊጡ በእርሾ ሲቦካ ግን ፊታቱ ስለሚቀንስ፣ በጊንጪና በጌዶ ቤቶች ሊጥ ቀናት መቆየቱ ከጣዕም ሌላም ጥቅም አለው። የአምቦ ማዕድን ውሃ ካልሲዩም የሟሟበት ነው፤ ነገር ግን ከአንድ ጠርሙስ የሚገኘው ጥቂት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ፀሐይ ነው። ቆዳ በፀሐይ ብርሃን ቪታሚን ዲ ካልሠራ፣ አንጀት ካልሲዩምን በሚገባ አይቀበልም። የደጋውን ብርድ በመፍራት ተጠቅልሎ በጨለማ ቤት የሚያድግ ሕፃን ሪኬትስ በተባለው በሽታ እግሩ ሊጐብጥ ይችላል፤ ዱቄት በማንኪያ ቢሰጠውም ፀሐይን አይተካለትም።

በጉደር አካባቢ ለኮምጣጣ መሬት ማከሚያ የሚፈጨው ኖራ ከቅርፊቱ ጋር በዓይነት አንድ ቢሆንም፣ ለማሳ እንጂ ለሰው ምግብነት የተዘጋጀ አይደለም። የተቃጠለ ኖራማ ጉሮሮን ያቃጥላል። የዐጥንት ዱቄት እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር አይሰጥ፤ የዕንቍላል ቅርፊትም ሳይቀቀል አይፈጭ። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ፤ እግሩ የጐበጠ ሕፃን የተገኘ እንደ ሆነም ዱቄት ሳይፈለግለት በቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።