«እኔ ጋ ምንም ችግር የለም»፦ የወንድ መካንነትና ሕክምናው

በውስጥ መስመር በብዛት ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ «ዶክተር፣ ከተጋባን ዓመታት አልፈዋል፣ ልጅ እንቢ አለን፤ ባለቤቴ ምን ትታከም?» የሚል ነው። እኔም መልሼ «እርስዎስ ተመርምረዋል?» እላለሁ። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «እኔ እንኳን ጤነኛ ነኝ» ነው።

ሚስት ለዓመታት ከክሊኒክ ክሊኒክ ትንከራተታለች። አልትራሳውንድ፣ የሆርሞን ምርመራ፣ የማኅፀን ቱቦ ራጅ ታሠራለች። የባልየው አንድ ቀላል ምርመራ ግን አልተሠራም። ልጅ ማግኘት ካልቻሉ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ላይ ግን ከወንዱ በኩል ችግር አለ፤ ለብቻው ወይም ከሴቷ ችግር ጋር ተደርቦ።

«ግንኙነት ላይ ጎበዝ ነኝ እኮ!»

ስንፈተ ወሲብ ሌላ፣ መካንነት ሌላ። ስፐርም ከሚፈሰው ፈሳሽ ውስጥ በጣም ትንሹን ድርሻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ምንም ስፐርም የሌለው ሰው ፈሳሹ በዓይን ሲታይ ፍጹም ጤነኛ ሊመስል ይችላል። የሚያውቀው ማይክሮስኮፕ ብቻ ነው።

መቼ እንመርመር?

ያለ መከላከያ 1 ዓመት ሞክራችሁ ካልተሳካ ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ተመርመሩ። ሚስት 35 ዓመት ከሞላት 6 ወር ይበቃል። በልጅነቱ ቆለጡ ወደ ከረጢቱ ያልወረደ፣ ጆሮ ደግፍ ታሞ ቆለጡ ያበጠበት ወይም የካንሰር ሕክምና የወሰደ ወንድ ደግሞ ከዚያም በፊት ቢመረመር ይሻላል።

ከምርመራው በፊት ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል። ናሙናው ሙሉውን መሰብሰብ አለበት፤ በተለይ የመጀመሪያው ክፍል እንዳይፈስ፣ ብዙው ስፐርም ያለው እዚያ ነው። ተራ ኮንዶም፣ ሳሙናና ቅባት አትጠቀሙ። ቤት ከተሰጠ ሳይቀዘቅዝ በ1 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ ይድረስ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዝቅተኛው መነሻ በ1 ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ስፐርም ነው። ከዚያ በታች ማለት ግን «አትወልድም» ማለት አይደለም። በአንድ ውጤትም ተስፋ አትቁረጡ። ስፐርም ለመመረት 3 ወር ገደማ ስለሚፈጅ፣ ከሁለት ወር በፊት የያዛችሁ ወባ ወይም ከባድ ትኩሳት ዛሬ ውጤቱን ሊያበላሽ ይችላል። ውጤቱ ጥሩ ካልሆነ ምርመራው ይደገማል።

በቅድሚያ የሚታከመው ይታከም

በቆለጥ ዙሪያ ያበጡ ደም ሥሮች (ቫሪኮሴል)፣ ኢንፌክሽንና አንዳንድ የሆርሞን እጥረቶች ይታከማሉ። ሲጋራ ማቆምና ውፍረት መቀነስም ይጠቅማል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጂም ቤት ለጡንቻ ተብሎ የሚወሰድ የቴስቶስተሮን መርፌ የስፐርም ምርትን ይዘጋል፤ እስከ ዜሮ ሊያወርደው ይችላል። «የወንድ ሆርሞን ነውና ለመውለድ ይረዳል» የሚለው ተቃራኒው ነው እውነቱ! ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ምርቱ ይመለሳል፤ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል።

ካልሆነስ?

1. አይ ዩ አይ፦ ችግሩ ቀለል ያለ ከሆነና የሚስት ቱቦ ክፍት ከሆነ፣ ስፐርሙ ታጥቦ እንቁላል በሚለቀቅበት ቀን ወደ ማኅፀን ይገባል።

2. ኢክሲ፦ በተለመደው አይ ቪ ኤፍ ለአንድ እንቁላል ብዙ ሺህ ስፐርም ያስፈልጋል። በኢክሲ ግን አንድ ስፐርም ተመርጦ በቀጭን መርፌ በቀጥታ እንቁላሉ ውስጥ ይገባል። በዚህ ዘዴ የተገኘው እርግዝና ለመጀመሪያ ጊዜ ይፋ የተደረገው በ1992 እ.ኤ.አ. ከብራስልስ ነው። ቁጥሩ በጣም ላነሰ ወንድ በሩን የከፈተው ይህ ነው።

3. ስፐርም ጭራሽ ከሌለስ? መጀመሪያ ምክንያቱ ይለያል። መተላለፊያው ተዘግቶ ከሆነ ቆለጡ ውስጥ ስፐርም ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ይገኛል፤ በመርፌ ተወስዶ ለኢክሲ ይውላል። ችግሩ የምርት ከሆነ በማይክሮስኮፕ በታገዘ ቀዶ ጥገና ይፈለጋል፤ በግማሽ ያህሉ ወንዶች ላይ ይገኛል። ከዚህ በፊት የዘረመል ምርመራ አስፈላጊ ነው፤ አንዳንዱ ችግር ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ይተላለፋልና።

ባሎች ይህችን ልብ በሉ

ችግሩ የአንተ ቢሆንም በኢክሲ ጊዜ 10 ቀን ገደማ መርፌ የምትወጋው እሷ ናት። እንቁላሉ በመርፌ የሚወሰደው ከእሷ ነው። ጽንሱ ከገባ በኋላ ሁለት ሳምንት በጭንቀት የምትጠብቀውም እሷ ናት። የመሳካት ዕድሉን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ደግሞ የእሷ ዕድሜ ነው። አንተ «እኔ ደህና ነኝ» እያልክ ያሳለፍካቸው ዓመታት ከእሷ ዕድሜ ላይ ነው የሚቀነሱት።

በአገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. የመንግሥት ማዕከል ተከፍቷል፤ የግል ማዕከላትም አሉ። ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ መድኃኒቱን ጨምሮ ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው? በእኛ ዕድሜ የመሳካት ዕድሉ ስንት ነው? ካልተሳካስ ቀጣዩ ምንድን ነው? መቶ በመቶ ዋስትና የሚሰጣችሁ ካለ ተጠንቀቁ፤ በዚህ ሕክምና እንዲህ ያለ ዋስትና የለም።

ለዘመድ አዝማድ «ችግሩ የማን ነው?» ጥያቄ መልስ የመስጠት ግዴታ የለባችሁም። «እየታከምን ነው» በቂ ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ለቀጣዩ ቀጠሮ ብቻዋን አትላካት። አብረሃት ሂድ፤ አንተም ተመርመር።

ይህ መረጃ ይጠቅመዋል ለምትሉት ሰው ሼር አድርጉለት።