በመሬት ልክ ምልክት ላይ የተመታውን ፊደል ለፎቶግራፍ አጕልቶ ስለ ማሳየት

የመሬት ልክ ምልክት ማለት ቀያሾች የለኩት ልክ እንዳይጠፋ በዓለት ወይም በስሚንቶ ውስጥ የሚተክሉት ምልክት ነው። ከእነዚህም ውስጥ የመሬትን ከፍታ የሚያመለክተው ቤንች ማርክ ይባላል። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከነሐስ የተሠራ ክብ ሰሌዳ ሲኾን፥ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው።

በሰሌዳው ላይ ኹለት ዓይነት ጽሕፈት ይገኛል። አንደኛው ሰሌዳው ሲሠራ አብሮ የወጣው የመሥሪያ ቤቱ ስም ነው፤ እርሱ ጥልቅና የተስተካከለ ስለ ኾነ ለማንበብ አያስቸግርም። ኹለተኛው ግን የምልክቱ የራሱ ስም፥ ቍጥሩና የተተከለበት ዓመት ነው። ይህ በብረት ፊደልና በመዶሻ አንድ በአንድ የተመታ ስለ ኾነ፥ አንዱ ጠልቆ ሌላው ሳስቶ፥ አንዱ ቀንቶ ሌላው ተጣሞ ይታያል። ዋናው ቁም ነገር ያለውም በዚህ በሳሳው ጽሕፈት ላይ ነው።

ምክንያቱም የምልክቱ ልክ የተጻፈው በመዝገብ ነው፤ በሰሌዳው ላይ ያለው ስምና ቍጥር ወደ መዝገቡ የሚያደርስ መንገድ ነው። ፎቶግራፉን ያየ ሰው 3 የነበረውን 8 ብሎ ያነበበ እንደ ኾነ፥ የሌላውን ምልክት ከፍታ ለዚህኛው ይሰጠዋል። በዚያ ከፍታ ተነሥቶ ቦይ የተቈፈረ እንደ ኾነ ውሃው እርሻው ዘንድ ሳይደርስ ይቆማል፤ ገበሬውም የደከመበት ቦይ ደረቅ ጕድጓድ ኾኖ ይቀርበታል።

ልክ በየጊዜው የሚታረም ነገር መኾኑም መታወቅ አለበት። በአሜሪካ አገር በኮሎራዶ ክፍል፥ በዴንቨር ከተማ ባለው የመንግሥት ምክር ቤት ደረጃ ላይ ከባሕር ጠለል በላይ አንድ ማይል፥ ማለት 1609 ሜትር ያህል፥ የሚኾነው ስፍራ በ15ኛው እርከን ተቀርጾ ነበር። በ1969 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንደ ገና ለክተው 18ኛው ነው ብለው የነሐስ ሰሌዳ አኖሩ፤ በ2003 ደግሞ በአዲስ መሣሪያ ሲለካ 13ኛው ኾኖ ተገኘ። (እነዚህና ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) እንግዲህ ሰሌዳን ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ሥራው ስሙን፥ ቍጥሩንና ዓመቱን ሳያዛባ ማሳየት ነው፤ ከፍታውን ማረም የመዝገቡ ባለቤቶች ፋንታ ነው።

እንዲህ ያለው ሥራ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ከ1957 እስከ 1961 የአሜሪካ የባሕር ዳርቻና የመሬት ልክ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ኾነው የዓባይን ተፋሰስ ለክተዋል። ልኩ የተያያዘው በግብፅና በሱዳን ድንበር አጠገብ ከነበረው አዲንዳን ከተባለው ምልክት ጋር ነው። ያ ምልክት የአስዋን ግድብ ውሃ በሞላ ጊዜ በሐይቅ ተውጧል፤ ነገር ግን መዝገቡ ስለ ተረፈ የብዙ የኢትዮጵያ ካርታ ልክ በስሙ ሲጠራ ኖሯል።

የቆየ ነሐስ በፎቶግራፍ የማይነበበው ለምን እንደ ኾነ ማወቅ ይገባል። ፊቱም የፊደሉ ጕድጓድም አንድ ቀለም ይዘዋልና፥ ዐይን የሚለየው በጥላ ብቻ ነው። በቀትር ፀሐይ ከዐናት በላይ ስትኾን ጥላ የለም። ይህን የብራና ጸሐፊዎች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ጸሐፊው ብራናውን በወስፌ ሲያሰምር ቀለም አይነካውም፤ መስመሩ ፊት ለፊት ሲያዩት አይገኝም፥ ወደ ብርሃን አጋድመው ሲያዩት ግን ጥርት ብሎ ይወጣል። የሰሌዳውም ፊደል እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ዱቄት ከመፈለግ በፊት ብርሃንን ማጋደም ይቀድማል። ጠዋት ከአንድ ሰዓት እስከ ኹለት ሰዓት፥ ወይም ማታ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፥ ብርሃኑ ሰሌዳውን ታክኮ ያልፋል። ጊዜው ካልተመቸ አንዱ ሰሌዳውን በጃንጥላ ወይም በጋቢ ይጋርድ፤ ሌላው ከጥላው ውጭ ኾኖ የፀሐይን ብርሃን በመስተዋት ከጐን ዝቅ አድርጎ ይምራበት። የእጅ ስልክ መብራትም በጥላ ውስጥ ይህንኑ ይሠራል። በዚህ ብቻ የሚነበበው ሰሌዳ ብዙ ነው፤ ለተነበበውም ዱቄት መጨመር ከንቱ ድካም ነው።

ብርሃን ያልበቃው እንደ ኾነ ወደ ዱቄት ይኬዳል። በቤት ከሚገኙት ውስጥ ለነሐስ የሚሻለው ለሕፃናት ገላ የሚነሰነሰው ፓውደር ወይም በደንብ የደቀቀ ጠመኔ ነው፤ ነጭ ናቸው፥ አይጣበቁም፥ በቡርሽ ይጠረጋሉ። የስንዴና የበቆሎ ዱቄትም ይሠራል፤ ነገር ግን ጤዛ ያገኘው እንደ ኾነ ሊጥ ኾኖ በፊደሉ ውስጥ ይደርቃል፥ ጕንዳንም ይጠራል፤ ደግሞስ እህልን በድንጋይ ላይ መበተን ለሕፃናት ምን ያስተምራል? ሰሌዳው እንደ አሉሚኒየም ነጣ ያለ ከኾነ ነጭ ዱቄት ስለማይለይበት የደቀቀ ከሰል ይሻላል። አመድ ግን አይገባም፤ አሸዋ አለበትና ይቧጭራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አፈሩ በለስላሳ ቡርሽ ይጠረጋል፤ ጭቃ ካለ በውሃ ታጥቦ ፈጽሞ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ከዚያ ዱቄት ሳይነካው አንድ ፎቶግራፍ ይነሣል። ቀጥሎ በኹለት ጣት የተቈነጠረ ዱቄት ተነስንሶ፥ በወፍራም ወረቀት ጠርዝ ወዲያና ወዲህ ይሳባል፤ ዱቄቱ በፊደሉ ጕድጓድ ይገባል፥ ትርፉ ይወገዳል። የቀረውን በለስላሳ እንጨት ላይ በተወጠረ ጨርቅ ማበስ ነው። ጨርቁ በጣት የተያዘ እንደ ኾነ ጣት ወደ ጕድጓዱ ገብቶ ዱቄቱን ያወጣዋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። ፊደሉ ወደ ላይ የወጣ ከኾነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ዱቄቱ በዙሪያው ይቀርና ፊደሉ ጠቍሮ ይታያል። ዱቄቱን በአፍ እፍ ማለት አይገባም፤ ሕፃናትም ነፋስ ወደሚመጣበት ወገን ይቁሙ።

ዱቄት ፊደልን ከጭረት መርጦ አይገባም። በ3 አጠገብ ያለ ጭረት ዱቄት ሲሞላው 8 ይመስላል፤ የሳሳው 1 ደግሞ ዱቄት ሳይይዝ ይቀራል። ዱቄት ሳይነካው የተነሣው ፎቶግራፍ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ኹለቱን አስተያይቶ የጥላውን ምስክር ያላገኘ መስመር እንደ ፊደል አይቈጠርም።

ነሐሱን ለማብራት ሲሉ በሽቦ ቡርሽ ወይም በብርጭቆ ወረቀት የሚፍቁ አሉ። ይህ የሳሳውን ፊደል ጭራሽ ያጠፋዋል። ሎሚና አቼቶ ነሐሱን ይበላሉ፥ ስሚንቶውንም ያላሉታል፤ ጨው ደግሞ በነሐስ ውስጥ ገብቶ ቀስ በቀስ ያሻግተዋል። በቆዩት የአሜሪካ ሰሌዳዎች ላይ ምልክቱን የሚያናጋ ሰው 250 ዶላር መቀጮ ወይም እስራት እንደሚያገኘው ተጽፎ ይገኛል።

ይህ ኹሉ የተነገረው ለብረት ሰሌዳ ነው። በድንጋይ ላይ ለተቀረጸ ጥንታዊ ጽሕፈት፥ ለመቃብር ሐውልትም ቢኾን፥ ዱቄት ፈጽሞ አይነካም። ድንጋይ ቀዳዳ አለው፤ የገባበት ዱቄት በቡርሽ አይወጣም፥ ዝናብ ሲያገኘው ሻጋታንና ሽበትን ይመግባል። በአክሱም በንጉሥ ኢዛና ዘመን በግእዝ ፊደል፥ በሳባ ፊደልና በጽርእ የተቀረጸው ድንጋይ ከ1600 ዓመት በላይ ቆይቶ የሚነበበው ፊደሉ ስላልተፋቀ ነው። በየደብሩ ያለውን የተቀረጸ ድንጋይ ለተማሪዎች ማሳየት የሚወድ መምህር መስተዋት ይዞ ይሂድ፥ ጠመኔውን በትምህርት ቤት ይተው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የመሬት ልክ መሥሪያ ቤት፥ መነሻው በ1807 የተመሠረተው፥ ምልክት አግኝቶ ለሚያስታውቀው ሰው ሦስት ዓይነት ፎቶግራፍ ይመክራል፤ አንዱ ፊደሉ የሚነበብበት ከቅርብ፥ አንዱ ሰው ቆሞ የሚያየውን ያህል፥ አንዱ ደግሞ አካባቢው የሚታይበት ከራቅ። ከፎቶግራፉ ጋር የተነበበው ቃል በወረቀት ይጻፍ፤ ያጠራጠረው ፊደል በግምት ሳይሞላ ስፍራው ባዶ ይተው፥ ቀኑና ዱቄት መነካቱም ይታከል። ከዚያ ሰሌዳው በደረቅ ቡርሽ ተጠርጎ፥ በፊደሉ ማዕዘን የቀረው በሣር ስንጥር ወጥቶ፥ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ።